ለኮሜት ምርመራ፦ ከሆሳዕና የተጻፈ የዘገየ ምስጋና

ውድ ኮሜት ሆይ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከሆሳዕና ነው። እንጀራዬ ደም መመርመር ነው። ጠዋት ወረፋው ሳይረዝም ቱቦዎቹን ተቀብዬ ማሽኑ ላይ አደርጋለሁ፤ ቁጥሩ ያላማረኝን ስላይድ ላይ ቀብቼ በማይክሮስኮፕ አያለሁ፤ ውጤቱን ጽፌ ለሐኪሙ እልካለሁ። አንቺ በዚህ የየዕለት ሥራ ውስጥ የለሽም። ሀብታም በሚባሉት አገሮችም ቢሆን ውሎሽ ከተመራማሪዎች ጋር ነው፤ ሐኪም በወረቀት ጽፎ የሚያዝዝሽ መደበኛ ምርመራ አልሆንሽም። ይሁንና በሙያዬ ከተዋወቅኳቸው ምርመራዎች ሁሉ የአንቺን ያህል ውለታ የዋለልኝ የለም፤ ምስጋናው ሳይደርስሽ ግን ዓመታት አልፈዋል።

ደብዳቤውን ሌሎችም ስለሚያነቡት ማንነትሽን ላስተዋውቅ። አስኳል ባለው በእያንዳንዱ የሰው ሴል ውስጥ፣ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ይገኛል። አንቺ የምትለኪው ያ ዲኤንኤ ምን ያህል እንደተበጣጠሰ ነው፤ ያውም በጅምላ ሳይሆን ሴል በሴል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኦስትሊንግና ዮሃንሰን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች መንገድሽን ጠረጉ። በ1988 ደግሞ ናሬንድራ ሲንግና ባልደረቦቹ በኃይለኛ አልካሊ ውስጥ እንድትሠሪ አድርገው አሻሻሉሽ፤ ከሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች አንዱ ብቻ ቢበጠስ እንኳ እንድታሳዪ ያደረጉሽ እነሱ ናቸው። ዛሬ በየአገሩ በብዛት የሚሠራበት ይህ መልክሽ ነው።

እኔ ያየሁሽ ለሁለተኛ ዲግሪ በምማርበት ጊዜ ነው። አሠራርሽን በዝርዝር ባነሳው አትቆጪኝም፤ በጣም የወደድኩሽ በአሠራርሽ ነውና። ጣት ተወግቶ የሚወጣ የደም ጠብታ ይበቃሻል። ጠብታዋ በሰውነት ሙቀት ልክ ከሞቀ አጋሮዝ ጋር ተቀላቅላ ስላይድ ላይ ትደፋለች፤ ስትቀዘቅዝ ትረጋለች። ስላይዱ ጨው በበዛበትና የሴል ሽፋን በሚያሟሟ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይነከራል። ሽፋኑ ይሄዳል፤ አብዛኛው ፕሮቲንም ይታጠባል፤ ዲኤንኤው ብቻ በነበረበት ቦታ ታስሮ ይቀራል። ቀጥሎ ፒኤቹ ከ13 በላይ የሆነ አልካሊ ይፈስበትና ክሮቹ ይላቀቃሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው መብራት ተቀንሶ ነው፤ ደማቅ ብርሃን ራሱ ዲኤንኤን ስለሚጎዳ። በመጨረሻ 25 ቮልት ገደማ የሆነ ደካማ ኤሌክትሪክ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይለቀቅበታል።

ዲኤንኤ ነጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ መሄድ ይፈልጋል። መሄድ የሚችለው ግን የተበጠሰው ነው። በእኛ አገር እንሰት ሲፋቅ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፦ ያልተቆረጠው ቃጫ እርስ በርሱ ተያይዞ ሲቀር፣ የተቆራረጠው ብን ብን እያለ ይወጣል። ማቅለሚያው ተጨምሮ ስላይዱ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ጤነኛው ሴል ክብ ሆኖ ያበራል። የተጎዳው ከክቡ ራስ ጀርባ ጅራት ያወጣል፤ ጉዳቱ በበዛ ቁጥር ጅራቱ ይደምቃል፣ ራሱ ይመነምናል። ስምሽም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ጅራታም ኮከብን ትመስያለሽ። ያን ቀን ያየሁት የታካሚ ደም አልነበረም፤ ለማነጻጸሪያ ተብሎ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የተጎዳ ነጭ የደም ሴል ነበር። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳነሳ ግን የማስበው ስለ እናቴ ነበር።

እናቴ የአንጋጫ ሴት ናት። በዚያ ወቅት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኬሞ ጀምራ ነበር። በየ21 ቀኑ በወራቤና በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ ትመላለስ ነበር፤ ሌሎች የሰፈራችን ታካሚዎች በሐላባ አድርገው ሐዋሳ ይሄዳሉ። የምትወስደው ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባሉትን ሁለቱን ነበር። ዶክሶሩቢሲን መልኩ ቀይ ነው፤ ሽንትንም ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላዋል። እሷ «ቀዩ» ትለው ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሜ ነበር። ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ስንት ዙር ኬሞ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ገቢ እንደተከፈለ የሚያውቀው የየቤቱ ሰው ነው።

ለመጀመሪያው ውለታሽ ምክንያት የሆነው ዘመድ አዝማድ ያነሳው ጥያቄ ነው። ፀጉሯ ሲረግፍ፣ አፏ ሲቆስል፣ ለመሳላ በዓል የቀረበላትን ሳትቀምስ ስትመልስ፣ የመጣው ሁሉ «ይህ መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ?» ይለኝ ነበር። መድኃኒት ነው እል ነበር፤ አነጋገሬ ግን አያሳምንም። አንቺን ካየሁ በኋላ እውነቱን ሙሉውን መናገር ቻልኩ። አዎ፣ የኬሞ ታሪክ ከመርዝ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1942 በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለካንሰር ታካሚ የሰጡት ናይትሮጅን መስተርድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን የጎዳው የመስተርድ ጋዝ ዘመድ ነበር። ሳይክሎፎስፋማይድ የዚያው ዘር ነው። ሥራውም የሴሉን ዲኤንኤ መጉዳት ነው። ቀዩ ደግሞ በሌላ መንገድ ይመጣል፤ ዲኤንኤን እየቆረጠ መልሶ የሚቀጥል ኢንዛይም በሰውነታችን አለ፤ ዶክሶሩቢሲን ኢንዛይሙ ከቆረጠ በኋላ እንዳይቀጥል ይይዘዋል። ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈልና ስብራቱን የመጠገን አቅሙ የደከመ ሴል ይህን አይቋቋምም፤ ካንሰር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሴል ነው። የፀጉር ሥር፣ የአፍ ሽፋንና የአጥንት መቅኔም ቶሎ ቶሎ ስለሚከፋፈሉ አብረው ይመታሉ። ጉዳቱን ሳልደብቅ፣ ለምን እንደሚያስፈልግም ጨምሬ ማስረዳት የቻልኩት ጅራቱን በዓይኔ ስላየሁ ነው። ሕክምናውም በቤታችን «መርዝ ነው» ተብሎ አልተቋረጠም።

ከሁሉ የሚበልጠው ውለታሽ ግን ስለ ጊዜ ያስተማርሽኝ ነው።

አንድ ጊዜ እናቴ አዲስ አበባ ደርሳ ደሟ ሲታይ ነጭ የደም ሴሏ ወርዶ ተገኘ፤ ኬሞው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለደከመች ሴት ያ መንገድ ቀላል አይደለም። ወንድሜ ደውሎ «ገንዘብ ካነሰ ልላክ፣ ለምን ያዘገዩብናል?» ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእሱ የመለስኩት መልስ የአንቺ ነው።

እኔ በየቀኑ የምሠራው ሲቢሲ የተባለው የደም ሴል ቆጠራ የሚነግረኝ ስንት ሴል እንደቀረ ነው። ኬሞ በተሰጠ ማግስት ብቆጥር ቁጥሩ ገና ደህና ሊመስል ይችላል፤ የነጭ ሴል ቁጥር በብዙዎቹ መድኃኒቶች ወለሉን የሚነካው ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው፤ ያኔ የሚታየው በመቅኔ ውስጥ ሳይወለድ የቀረው ሴል ነው። አንቺ ግን መድኃኒቱ ከገባ በሰዓታት ውስጥ በሕይወት ባለ ሴል ላይ ያለውን ስብራት ታያለሽ። ከዚያም በላይ፣ ደሙ ደግሞ ደጋግሞ ቢወሰድ ስብራቱ ሲጠገን ታያለሽ። ጅራቱ ያጥራል። ሴል ዲኤንኤውን የሚጠግኑ ኢንዛይሞች አሉት፤ ቀላሉን የክር ስብራት በአንድ ሁለት ሰዓት ይገጥመዋል፣ ከባዱ ቀናት ይወስዳል፣ መጠገን ያልቻለው ይሞታል። ከዚያ በኋላ መቅኔው የጎደለውን ለመሙላት ሳምንታት ያስፈልጉታል። 21 ቀን የሚባለው ቀጠሮ የመጣው ከዚህ ነው። ጤነኛው ደም እንዲያገግም ይጠበቃል፤ ካንሰሩ ግን ሙሉ በሙሉ አገግሞ እንዲነሳ ጊዜ አይሰጠውም። ለወንድሜ «መዘግየት አይደለም፣ እየተጠገነች ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀጠሮ መራዘም አልተጨነቀም። እናቴም ዙሮቿን ጨርሳ አንጋጫ ገባች።

ሌላም አለ። ሳይክሎፎስፋማይድንና ሲስፕላቲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ሁለቱን የዲኤንኤ ክሮች አንድ ላይ ይቆልፏቸዋል። የተቆለፈ ዲኤንኤ በኤሌክትሪኩ ሲሳብ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በጣም የተጎዳ ሴል ጅራት የሌለው፣ ጤነኛ መሳይ ክብ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ተመራማሪዎች ዘዴ ፈጠሩለት፦ ሴሉን መጀመሪያ በተለካ ጨረር ሆን ብለው ይሰብሩታል፤ ከዚያ መውጣት የነበረበት ጅራት ምን ያህል እንዳጠረ አይተው የቁልፉን ብዛት ያሰላሉ። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ አሰብኩበት። «ኖርማል» የሚል ውጤት ስጽፍ ምን ያህል እንደለካሁ፣ ምን እንዳልለካሁ ራሴን የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ ነው። በየቀኑ በምፈርመው ወረቀት ላይ አሻራሽ አለ ብል አላጋነንኩም።

ስለ ነርሶቹም አመሰግንሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ፊንላንድ ውስጥ ኬሞ የሚያዘጋጁ ነርሶች ሽንት ተመርምሮ የዘር ለውጥ የሚያመጣ ነገር ተገኘበት። መድኃኒቱን አልወሰዱትም፤ ያዘጋጁት ብቻ ነው። በ1999 ደግሞ የቱርክ ተመራማሪዎች የኬሞ ነርሶችን ነጭ የደም ሴል በአንቺ ለኩ። ዲኤንኤያቸው መድኃኒቱን ከማይነኩት ሰዎች ይልቅ ተጎድቶ ተገኘ፤ ጓንትና ሌላ መከላከያ በደንብ የሚጠቀሙት ግን ጉዳታቸው ያነሰ ነበር። ጓንት ያድናል የሚለው ምክር ብቻውን ሲነገር ይረሳል። አንቺ በራሳቸው ደም አሳየሻቸው። እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ ለእናቴ አስታማሚዎች ሕግ አወጣሁ፤ ኬሞ በወሰደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ትውከቷንም ሆነ ሽንቷን የሚያነሳ ሰው ጓንት ሳያደርግ አይነካም፤ አንሶላዋ ለብቻው ይታጠባል። እህቴ እርጉዝ ስለነበረች ጭራሽ እንድትርቅ አደረግን። እናቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፤ ልጆቿ የተጸየፏት መስሏት። ምክንያቱን ስነግራት ራሷ ጠባቂ ሆነች፣ ጓንት ሳያደርግ የቀረበውን ሁሉ «ተመለስ» ትል ጀመር።

ጥቂት ደም የሚበቃሽ መሆኑም ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ኬሞ ደጋግሞ የወሰደ ሰው ደም ሥሩ ይደርቃል፤ መርፌ ይዞ ክንዱን የሚፈልግ ባለሙያ ያውቀዋል። አንቺን ከጣት ጠብታ ማግኘት ይቻላል።

ዘመዶችሽንም በዚሁ አመሰግናለሁ። ማይክሮኒውክለስ የሚባለው ከተሰበረ ክሮሞሶም ተርፎ ከአስኳሉ ውጪ የቀረ ትንሽ ክብ ነው፤ እኛ የደም ባለሙያዎች የምናውቃቸው ሃውል ጆሊ የሚባሉት በቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚታዩ ነጠብጣቦች ቤተሰቡ ናቸው። ጋማ ኤችቱኤኤክስ የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ የታወቀ ሲሆን ሁለቱም ክሮች በተሰበሩበት ቦታ ላይ ምልክት ሆኖ ያበራል። እያንዳንዳችሁ የጉዳቱን አንድ ገጽ ታሳያላችሁ።

ገና ያልመለስሽው ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። ከአንድ ታካሚ ደም ላይ የተለካው ጅራት፣ ካንሰሩ ይመለሳል ወይስ አይመለስም ለማለት አያበቃም። የሰው ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ሌላ ሕመም፣ የናሙና አያያዝ ሁሉ ውጤትሽን ስለሚያንቀሳቅሱት አንዱ ላብራቶሪ ከሌላው ጋር ቁጥር ለማመሳሰል ይቸገራል። እነዚህን መድኃኒቶች የወሰዱ ጥቂት ሰዎች ከዓመታት በኋላ ሌላ የደም ካንሰር ሊይዛቸው እንደሚችልም ይታወቃል፤ እነማን እንደሆኑ አስቀድመሽ እንድትነግሪን እንመኛለን። ይህ ፍለጋ ባለበት ሁሉ ስምሽ አለ፤ ለእኔ ይህ ተስፋ ነው።

አሁን የምለምነው ወደዚህ እንድትመጪ ነው። ከተማችን ውስጥ በሐድያዋ ልዕልት፣ በኋላም የኢትዮጵያ ንግሥት በሆነችው በእሌኒ ስም የተሰየመ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሽቾ ላብራቶሪ የተማሩ ብዙ ልጆች አሉን። ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ኬሞ ወስደው የሚመለሱ ታካሚዎች የሚያገግሙት እዚህ ነው፤ ከሁለት ዙር መካከል ያለው ጊዜ፣ አንቺ የምትፈልጊው ጊዜ፣ የሚያልፈው በእኛ ከተሞች ነው። ደማቸውን በተለያየ ቀን ለመውሰድ ከእኛ የተሻለ ማን ይቀርባቸዋል?

የሚያስፈልግሽም እጅግ ውድ ነገር አይደለም፦ አጋሮዝ፣ ጨውና አልካሊ፣ የኤሌክትሮፎረሲስ ገንዳ፣ ማቀዝቀዣ፣ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ። ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ለቲቢ ምርመራ በአገራችን ሥራ ላይ የዋለ መሣሪያ ነው፤ እሱ ባይገኝ እንኳ በብር ማቅለሚያ ተቀብተሽ በተራ ማይክሮስኮፕ ልትታዪ ትችያለሽ። ኮምፒውተር ባይኖር ደግሞ የሠለጠነ ዓይን 100 ሴሎችን ከ0 እስከ 4 ደረጃ እየሰጠ ይቆጥርሻል።

ስለዚህ የደብዳቤው መጨረሻ በእነዚህ ከተሞች ላብራቶሪ ለምታስተምሩና ለምትማሩ ነው። ለመመረቂያ ርዕስ ስትፈልጉ ኮሜትን አስቡ። የታካሚውን ፈቃድ በሚገባው ቋንቋ፣ በሐድይኛም ሆነ በከምባትኛ አስረድታችሁ ጠይቁ፤ ውጤቱ ሕክምናውን እንደማይቀይር በግልጽ ንገሩት። የመጀመሪያውን ናሙና ደግሞ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ውሰዱ፤ በኋላ የምታዩት ጅራት የመድኃኒቱ ይሁን ቀድሞ የነበረ የምትለዩት በእሱ ብቻ ነው።

አክባሪሽ፣
የሆሳዕናዋ የደም ምርመራ ባለሙያ